«ፍሬኑ ይይዛል እኮ!»፦ ስለ ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ የሚነገረውና እውነታው

የቦሎ ማደሻ ጊዜ ሲቃረብ በየጋራዡ ደጃፍ አንድ ምክር ይሰማል፦ «ምርመራው ለወረቀቱ ነው፤ መኪናህን አሳጥበህ ግባ።» ሰልፉ ረጅም፣ ክፍያውም ተደራራቢ ስለሆነ ሰው እንዲህ ቢል አይገርመኝም። ይሁን እንጂ የምርመራ ማሽኖቹ የሚለኩት በአብዛኛው አሽከርካሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሊያውቀው የማይችለውን ነው።

ለምሳሌ «መኪናዬ በደንብ ይቆማል፤ በፍሬን አልወድቅም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። መቆምና በእኩል መቆም ግን ይለያያሉ። በምርመራ ጣቢያ የፊት ጎማዎቹ ወለሉ ውስጥ በተቀበሩ የሚሽከረከሩ ድብልብል ብረቶች ላይ ይወጣሉ። ብረቶቹ ጎማውን ያዞሩታል፤ ፔዳሉ ቀስ እየተባለ ሲረገጥ ማሽኑ የግራውንና የቀኙን የመያዝ ጉልበት ለየብቻ ያሳያል። ከዚያ የኋላዎቹ፣ በመጨረሻም የእጅ ፍሬን ተራ ነው። የአንዱ ጎማ የፍሬን ሸራ ዘይት ከነካው ወይም ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ዝጎ ከተጣበቀ፣ አሽከርካሪው በደረቅ አስፋልት ላይ ሳያውቀው መሪውን እያቃና ልዩነቱን ይሸፍነዋል። በሐምሌ ዝናብ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ድንገት ቢረግጥ ግን መኪናው ወደ አንድ ጎን ይሳባል። ወጪ ለመቆጠብ የአንዱን ጎማ ሸራ ብቻ የሚያስቀይር ሰው ደግሞ ይህንኑ ልዩነት በገዛ ገንዘቡ ያሰፋዋል። ሸራ የሚቀየረው በጥንድ ነው።

«ጭሱ የነዳጁ ጥፋት ነው» የሚለውም የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) እዚህ ሲመጣ ለሳሳው አየር የሚበዛ ቤንዚን ይለቃል፤ ያልተቃጠለው ተርፎ የካርቦን ሞኖክሳይዱ መጠን ይጨምራል። ስለዚህ የአሮጌ መኪና ባለቤት ነዳጁን ከመራገሙ በፊት ካርቡራተሩን ያስተካክል፣ የአየር ፊልትሮውንም ይመልከት። በናፍጣ መኪናም ለጥቁር ጭስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የታፈነ የአየር ፊልትሮ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሞተር ሳይሞቅ ለጭስ ምርመራ መቅረብ ራስን በከንቱ መጉዳት ነው።

«መብራት በበዛ ቁጥር ይሻላል» ብለው ለተራ አምፖል በተሠራ ፋኖስ ውስጥ ኤልኢዲ የሚያስገጥሙ አሉ። ማሽኑ የሚያየው ብርሃኑ ወዴት እንደሚወድቅ ጭምር ነው። ተበትኖ የፊት ለፊቱን አሽከርካሪ ዓይን የሚወጋ መብራት፣ ድምቀቱ ምንም ያህል ቢሆን አያሳልፍም።

ሞተር ያስቀየሩ ሰዎች ደግሞ «መኪናው ያው መኪናዬ ነው» ይላሉ። ሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ መርማሪውም ኮፈኑን አስከፍቶ ቁጥሩን ያመሳክራል። ካልገጠመ ፍሬኑም መብራቱም ፍጹም ቢሆን ጉዳዩ ይቆማል። ስለዚህ ሞተሩ የተገዛበትን ሕጋዊ ደረሰኝ ይዞ ለውጡን አስቀድሞ ማስመዝገብ ይሻላል። የቀለም ለውጥም እንደዚሁ ነው። ማሳጠቡ በእርግጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ በጭቃና በግራሶ የተሸፈነ ቁጥር አይነበብም።

መድንና ምርመራን አንድ አድርጎ ማየትም አለ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005፣ ምርመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገጉ ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ናቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

አዲሱ ወሬ «የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ ምኑ ይመረመራል?» የሚለው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው በርትቷል። የሚቀርለት የጭስ ምርመራው ብቻ ነው። እንዲያውም ፍሬኑ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። እግር ከፍጥነት መስጫው ፔዳል ሲነሣ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን ቀንሶ ባትሪውን ስለሚሞላ፣ የፍሬኑ ዲስክ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ይቀመጣል፤ በክረምት እርጥበትም ይዝጋል። የባትሪው ክብደት ደግሞ ጎማውንና አሞርዛተሩን ቶሎ ይጨርሳል። ከምርመራው በፊት ባዶ መንገድ ላይ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ደጋግሞ መርገጥ ቀላል ዝገትን ያነሣል። የተጣበቀ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ግን በዚህ አይለቅም፤ ጋራዥ ውስጥ ተፈትቶ መጽዳት አለበት።