ስንዴው መጥቷል፤ ወፍጮውስ?

ከግሸን በዓል በተመለስን ሰሞን ነው። አምባሰል ሥር አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ አንዲት እናት አገኘሁ። መስከረም ላይ በረዶ ሰብላቸውን ካወደመባቸው ሰዎች አንዷ ናቸው። የእርዳታ ስንዴ ተሰፍሮላቸዋል፤ ጆንያው ግን ጎደል ብሏል።

“እማማ፣ ያነሰ ሰጧችሁ እንዴ?” አልኳቸው።

“አይ ልጄ፣ ለጋሪና ለወፍጮ ብዬ ሦስቱን ኪሎ ሸጥኩት። ቀቅዬ እንዳልበላው ጥርስ የለኝ።”

የእርዳታ እህል እንደ ደንቡ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። ለቀን ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ሦስት ኪሎ የስድስት ቀን እንጀራ ነው። የወፍጮው ባለቤት ሙስሊም ነው። ብሩን አልቀበልም አላቸው፤ “በርበሬ ይግዙበት” ብሎ መለሰላቸው። እኔ ከበዓል የመጣሁት ቆሜ አያለሁ።

ወገኖቼ፣ ስንዴው መግባቱን ስንሰማ “እሰይ፣ መንግሥት ደረሰላቸው” ብለን ወደ ሥራችን ሄደናል እኮ። ድሮ ነዳያንን “እግዜር ይስጥልን” ብለን እናልፍ ነበር። አሁን “መንግሥት ይሰጣቸዋል” ተጨመረበት።

ሐዋርያው ያዕቆብ የዕለት ምግብ ያጡትን “በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም” ብሎ ስለሚሸኝ ሰው ጽፏል። ሰውየው አልተሳደበም። እንዲያውም መረቀ። ሐዋርያው የገሠጸው ይህን ባዶ ምርቃት ነው። “ለሰውነት የሚያስፈልጉትን ካልሰጣችኋቸው ምን ይጠቅማቸዋል?” ይላል። የሚያስፈልጉትን አለ እንጂ እህል ብቻ አላለም። ወፍጮ አለ፣ ጨው አለ፣ ለከርሞ የሚዘራ ዘር አለ። እሳት ሙቁ ያልነው ሰው ማገዶውን ከየት ያምጣ?

ይህን ወሎ እንዴት ይረሳል? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ገበሬው አውራ ጎዳና ዳር ወጥቶ ለመኪና እጁን ሲዘረጋ መንግሥት ረሃቡን ደብቆ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመው ስንቱ ካለቀ በኋላ ነው። መንግሥት ግዴታ አለበት፤ ሲዘገይም መጠየቅ አለበት። ጌታ ግን “ተርቤ ነበር” ሲለን የተራቡት ስም ቀበሌ ተመዝግቧል ብለን ልንመልስለት ነው?

ኅዳር ሚካኤል ደርሷል። የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር ይዘክሩ የነበሩት ባልና ሚስት፣ ዱራታዎስና ቴዎብስታ፣ ባጡ ጊዜ እንኳ ልብሳቸውን አስይዘው ዝክሩን እንዳላስታጎሉ በየዓመቱ እንሰማለን። እኛ ዘንድ ግን ዝክሩን የሚበላው የጠገበው ነው። ይህ ያሳዝነኛል። በማኅበራችን ለበሬ የተዋጣው ብር ዘንድሮ ለወፍጮና ለዘር ገብስ ይሁን ብዬ ጠይቄያለሁ። ለእኛ ዳቦውና ጠላው ይበቃናል። እናንተም በየማኅበራችሁ አንሱት። የበልግ ገብስ ጥርና የካቲት ላይ ይዘራል፤ ጊዜው ቅርብ ነው።