ኢላማ ተኩስ በጎንደር

ኢላማ ተኩስ በታወቀ ርቀት ላይ የተተከለን ምልክት በጠመንጃ አነጣጥሮ መምታት ነው። በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉት በአርማጭሆ፣ በቋራ፣ በወገራ፣ በደንቢያና በበለሳ ጠመንጃ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ሆኖም ባለ ጠመንጃ ሁሉ ተኳሽ አይባልም። «አልሞ ተኳሽ» የሚለው ስም የሚገባው ጥይት ለማያባክን ሰው ብቻ ነው። ልዩነቱ የመጣው ጥይት ብርቅ ከነበረበት፣ ጠመንጃውም አንዴ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ባለቤቱ ባዶ እጁን ከሚቀርበት ዘመን ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የጠመንጃዎቹ ሞዴል ዓመት ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ተቀምጧል።

ስያሜዎች

ትከሻ ላይ የሚያርፈው ክፍል ሰደፍ፣ አረሩ የሚወጣበት ጫፍ አፈሙዝ፣ በጣት የሚሳበው ምላጭ፣ ጥይት የሚታጨቅበት ካዝና፣ ከተኩስ በኋላ የሚወድቀው ባዶ ቆርቆሮ ቀለህ ይባላል። ቃታ ጥይቱን ወደ ውስጥ ገፍቶ የሚዘጋው ክፍል ቢሆንም በንግግር ከምላጭ ጋር ይቀላቀላል፤ «ቃታ ሳበ» ሲባል አንዱ አቀባበለ፣ ሌላው ተኮሰ ብሎ ይረዳዋል። በወሬ ላይ ችግር የለውም። በተኩስ ሜዳ ላይ ግን አደጋ ስለሚያመጣ ትእዛዙ «አቀባብል» እና «ተኩስ» ተብሎ ይለያል እንጂ «ሳብ» አይባልም።

የጠመንጃዎቹ ስሞች ከባሕር ማዶ መጥተው አማርኛ የሆኑ ናቸው። ውጅግራ የፈረንሳዮቹ ፉዚ ግራ ነው፤ ሰናድር የእንግሊዞቹ ስናይደር፣ ምንሽር ማንሊከር፣ ቤልጅግ ደግሞ ቤልጂየም የተሠራው ማውዘር ነው። ክላሽ የቅርብ ጊዜ ስለሆነ ማብራሪያ አይሻም።

ታሪክ

ነፍጥ በጣና ዙሪያ የታወቀው ከጎንደር ከተማ መቆርቆር በፊት ነው። በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የወደቁት በጠመንጃ ተመትተው ነው፤ በሁለቱም ወገን ነፍጥ ነበር። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ ነፍጥ የቤተ መንግሥት ኃይል ምልክት ሆኖ ቆይቷል።

በጎንደር ስለ ተኩስ ችሎታ በዝርዝር የተጻፈው ግን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በገባ ጊዜ ከተማዋ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረች። የራስ ሚካኤል ዘመድና የነፍጠኞቹ አለቃ የነበረው ገብረ መስቀል በተኳሽነቱ የሚኮራ ሰው ነበር። ሁለቱ በግብር ላይ ተነካኩ። ብሩስ በእኔ ጠመንጃ የተተኮሰ የሞራ ሻማ ቁራጭ በአንተ ጠመንጃ ከተተኮሰ የብረት አረር ይበልጣል አለ፤ ነገሩ ወደ ጠብ ከሄደ በኋላ በወጣቱ ንጉሥ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ፊት እንዲያሳይ ተደረገ። ሻማው ሦስት ጋሻ በስቶ አለፈ፤ ቀጥሎ የእንጨት ጠረጴዛ በሳ።

ድግምት የመሰላቸው ነበሩ፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ለስላሳ ነገር በከፍተኛ ፍጥነት ሲሄድ ከመበተኑ በፊት ግቡን ይበሳል፤ የሚበሳውም የሻማው ክብደት ከፍጥነቱ ጋር ተባብሮ ነው። በቂ ባሩድ ካልታጨቀ ወይም ርቀቱ ከተራዘመ ሻማው ጋሻው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ታሪኩን የጻፈው ራሱ ብሩስ ስለሆነ የገብረ መስቀል ቃል የደረሰን በባላንጣው ብዕር ነው። ብሩስም ራሱን ማሳነስ የማይወድ ጸሐፊ ነበር። ደግሞም ሻማ ጋሻ በሳ ማለት ተኳሹ ኢላማ አይስትም ማለት አይደለም፤ የጎንደሩ ነፍጠኛ በአልሞ ተኳሽነት ተሸነፈ የሚል ነገር በታሪኩ ውስጥ የለም።

የዚያ ዘመን ጠመንጃ በተለኮሰ ክር የሚተኮስ ነበር። ባሩዱ በአፈሙዙ ይፈስሳል፣ ጨርቅ ወይም ሣር ይጠቀጠቃል፣ አረሩ ይከተላል፣ በዘንግ ይታሻል፣ ከዚያ የሚነድደው ክር ማቀጣጠያው ላይ ይወርዳል። ዝናብ ከመጣ ክሩ ይጠፋል። ክሩ ባሩዱን እስኪያቀጣጥል ድረስ ትንሽ ቅጽበት ስለሚያልፍ ተኳሹ ምላጩን ከሳበ በኋላም ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ይህ ልማድ ዛሬም የጥሩ ተኳሽ ምልክት ነው።

የቋራው ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆነው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ አሠሩ፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ሥራ ነው። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር የተማረከው ሬሚንግተን የሰሜኑን ሰው ከኋላ ከሚጎርስ ጠመንጃ ጋር በብዛት አስተዋወቀ። ጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ የበጌምድር አርበኞች፣ ከእነዚህም ውስጥ አሞራው ውብነህ የተባሉት ውብነህ ተሰማ፣ በአርማጭሆና በአካባቢው ሲዋጉ የጥይት እጦት ዋና ችግራቸው ነበር። ጥይቱ ከጠላት የሚማረክ ስለሆነ ጠመንጃውም ከተማረከው ጥይት ጋር መስማማት ነበረበት፤ የጣሊያን 6.5 ሚሊሜትር ለቤልጅግ 7.92 አይሆንም። አንድ ጥይት ለአንድ ሰው የሚለው ጥብቅነት በዚህ ዘመን ጸንቷል። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ወጣች፤ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ምሽግ የወደቀውም እዚሁ ነው። ክላሽ የተስፋፋው ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

መሣሪያዎቹ

የ1874 ሞዴሉ ውጅግራ 11 ሚሊሜትር ነው፤ ካዝና የለውም፣ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። አረሩ 25 ግራም ገደማ የሚመዝን እርሳስ ሲሆን የሚገፋው ጥቁር ባሩድ ነው። ጢሱ ኢላማውን ስለሚሸፍን ተኳሹ ውጤቱን ለማየት መጠበቅ አለበት፤ ጥላሸቱም አፈሙዙን እያጠበበ ስለሚሄድ ሳይወለወል በተከታታይ ከተተኮሰ አረሩ መባከን ይጀምራል። ሰናድር ከዚህም ወፈር ይላል፤ 14.7 ሚሊሜትር ነው።

ቤልጅግ በካዝናው 5 ጥይት ይይዛል። ሰደፉ ጥሩ ትከሻ ካላገኘ ያማል፤ የአዲስ ተኳሽ ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የጣሊያኑ 6.5 ግፊቱ ለስለስ ያለ ቢሆንም ጥይቱ 6 ሆኖ በብረት መያዣ ታስሮ ካልገባ ካዝናው አይሠራም፤ መያዣው የጠፋበት ሰው በእጁ አንድ አንድ እያጎረሰ ይተኩሳል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የድሮ ጠመንጃዎች የኋላ ማነጣጠሪያ ዝቅተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ 200 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ልክ 50 ወይም 100 ሜትር ላይ ሲተኮስ አረሩ ከታለመበት በላይ ያርፋል። ብዙ ሰው ጠመንጃው ተበላሸ ብሎ ለሠሪ የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው፤ መፍትሔው ግን ዝቅ አድርጎ ማለም ብቻ ነው።

አተኳኮስ

ጀማሪ በደረቱ ተኝቶ ይጀምራል። ከዚያ ተንበርክኮ፣ መጨረሻ ላይ ቆሞ ይተኩሳል። ሰውነት ከኢላማው መስመር ትንሽ ዘወር ይላል፤ የግራ ክርን ከጠመንጃው ሥር ይገባል። ተኳሹ አነጣጥሮ ዓይኑን ይጨፍን፣ ሁለት ጊዜ ይተንፍስ፣ ይግለጥ። ማነጣጠሪያው ከኢላማው ከሸሸ ክንዱን ሳይሆን ሙሉ ሰውነቱን ያንቀሳቅስ። በክንድ ጉልበት ወደ ኢላማው የተጎተተ ጠመንጃ ምላጩ ሲሳብ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ዓይን የሚያርፈው በፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ነው። ኢላማውም ሆነ የኋለኛው ማነጣጠሪያ ደብዘዝ ቢሉ ግድ የለም። ጀማሪ ኢላማውን አጥርቶ ለማየት ሲጥር የፊተኛው ይሸሸዋል፤ የፊተኛው በግማሽ ሚሊሜትር ቢዛነፍ ደግሞ በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ያህል ያስታል፣ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሜትር ከሆነ። ትንፋሽ ግማሹ ሲወጣ ይቆማል፤ ከ8 ሰከንድ በላይ ከተያዘ ዓይን ይደክማል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ያኔ መተው ነው፤ ተንፍሶ እንደገና መጀመር።

ምላጭ በጣት ጫፍ ሥጋ፣ በዝግታና ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ይሳባል። ድምፁን የሚፈራ ሰው ተኩሱ ከመውጣቱ በፊት አፈሙዙን ዝቅ ያደርጋል፤ በቀኝ እጁ የሚተኩስ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሰበሰባሉ። በሽታው ያለበት ሰው ራሱ አያውቀውም። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ጓደኛው አንዳንዴ ጥይት፣ አንዳንዴ ባዶ ቀለህ አጉርሶ ይሰጠዋል። ባዶው ሲመጣ አፈሙዙ ከዘለለ ምክንያቱ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ያለው መድኃኒት ባዶ ጠመንጃ ይዞ ምላጭ መሳብ ነው፤ ጥይት አያስፈልገውም።

ጠመንጃን ለማስተካከል በአንድ ቀዳዳ አይፈረድም። ከ3 እስከ 5 ጥይት ተተኩሶ የቀዳዳዎቹ መካከል ይፈለጋል። የኋለኛው ማነጣጠሪያ አረሩ እንዲሄድ ወደተፈለገበት አቅጣጫ፣ የፊተኛው ደግሞ በተቃራኒው ይገፋል። ቀዳዳዎቹ ተበታትነው ከሆነ ማነጣጠሪያ አይነካም፤ ችግሩ ተኳሹ ላይ ነው፣ አለዚያም ሰደፉ የላላ ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አረሩ ፍጥነቱን ቶሎ አያጣም፤ በ100 ሜትር አይታወቅም፣ ከ300 ሜትር በላይ ግን ቆላ መተማ ላይ ከተስተካከለው ጠመንጃ ከፍ ብሎ ይመታል።

ሜዳና አባልነት

የተኩስ ማኅበር ቁም ነገሩ ጠመንጃው ሳይሆን ሜዳው ነው። ከኢላማው ጀርባ የአፈር ክምር ወይም የተራራ ጥግ ያስፈልጋል። የጎንደር መሬት ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ አፈሩ ሳይነፋ ከተከመረ አረሩ ነጥሮ ወዳልታሰበበት ይሄዳል፤ የላይኛው የአፈር ድርብ በየጊዜው መለቀም አለበት። ሜዳው የሚያመልጥ አረርንም ያስብ፦ የቤልጅግ ጥይት ወደ ላይ አጋድሎ ቢወጣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

አዲስ አባል መጀመሪያ የሚማረው ባዶነትን ማረጋገጥ ነው፦ ካዝና ማውጣት፣ ቃታ መክፈት፣ በዓይንም በጣትም ማየት። ቀጥሎ ኢላማ መለጠፍ፣ ነጥብ መመዝገብ፣ ቀለህ መልቀም ይመጣል። ቀለህ ካልተቆጠረ ስንት ጥይት እንደወጣ አይታወቅም። በእድር እንደሚደረገው ሁሉ ተሰብሳቢው አንድ አለቃ ይመርጣል። አለቃው «አቁም» ሲል ዕድሜና ማዕረግ አይታይም፤ አባትም ልጅም ቃታ ከፍቶ ጠመንጃውን ያስቀምጣል፣ ኢላማው ጋ ሰው ሄዶ እስኪመለስም መሣሪያ አይነካም።

ሜዳ ለሌለው የአየር ጠመንጃ አማራጭ ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ ርቀቱ 10 ሜትር፣ አረሩ 4.5 ሚሊሜትር ነው። የኢላማው ክበብ 45.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ 10 ነጥብ የሚያሰጠው መካከል ግን ግማሽ ሚሊሜትር የሆነች ነጥብ ናት። ውድድሩ 60 ተኩስ ነው። ቀዳዳው መስመር ከነካ ከፍተኛው ነጥብ ይቆጠራል።

ሕግና ልማድ

መሣሪያ የሚተዳደረው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ ማዘዋወር ክልክል ነው። በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮስ የቆየ ልማድ ቢሆንም ከኢላማ ጋር ዝምድና የለውም። የወጣው ይወርዳል፤ በተጠጋጋ ሰፈር ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ አረር አያስቆምም።

እንክብካቤ

የቆየ ጥይት ማቀጣጠያው አብዛኛውን ጊዜ ሲነድድ ጨው የሚተው ነው። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ሳይታጠብ የታደረ አፈሙዝ በማግስቱ ቀልቶ ይገኛል። ብዙ ሰው በቤንዚን ወይም በዘይት ጠርጎ ጨረስኩ ይላል፤ ቤንዚን ግን ጨው አያሟሟም። የሚያሟሟው ውኃ ነው። በተተኮሰበት ቀን የፈላ ውኃ በአፈሙዙ ይፈስሳል፣ ብረቱ ራሱ እስኪግል። ግለቱ ቶሎ ያደርቀዋል፤ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ በመወልወያ ዘንግ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ መጨረሻ ላይ ስስ ዘይት ይቀባል። የቃታው ራስም አብሮ መታጠብ አለበት። በሳምንቱ ነጭ ጨርቅ ይገባል፤ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ሥራው ከውኃው ይደገማል። ከሚቀጥለው ተኩስ በፊት ዘይቱ ካልተጠረገ የመጀመሪያዋ ጥይት ከሌሎቹ ተለይታ ስለምታርፍ በውጤት አትቆጠርም።