ፓራሶሻል ምንድን ነው? የንባብ ጓደኞቻችሁ የሌሉበት ቃል

ባለፈው ሳምንት አንድ ጸሐፊ ስለ ኦንላይን የንባብ ቡድኖች ያሰፈረውን አነበብኩ። "እነዚህ ሰዎች ጓደኛ ያገኙ ይመስላቸዋል እንጂ ግንኙነታቸው ፓራሶሻል ነው" ይላል። ከሥሩ ብዙ ሰው "እውነት ብለሃል" ብሎታል። ፓራሶሻል ማለት አንዱ ወገን ሌላውን እንደ ወዳጅ የሚቀርብበት፣ ሌላው ግን መኖሩን እንኳ የማያውቅበት የአንድ ወገን ቅርበት ነው። እኔ ይህን ቃል ለዓመታት ክፍል ውስጥ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ያለቦታው ሲገባ ሳየው የመጀመሪያዬ አይደለም። የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት የ2025 የዓመቱ ቃል ብሎ ከመረጠው ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) እስካሁን እያየሁ አልፍ ነበር። ይሄኛው ግን ከነከነኝ። ቃሉ የተለጠፈባቸው ሰዎች በስም የሚተዋወቁ፣ የሚጠያየቁ፣ ሲከፋቸውም የሚኳረፉ ሰዎች ናቸው።

መኳረፍ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

ቃሉን ያወጡት ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ በ1956። ቴሌቪዥን በአሜሪካ ሳሎኖች ውስጥ ገና አዲስ እንግዳ ነበር። የታዘቡት ነገር ይሄ ነው። አቅራቢው ካሜራውን እያየ "እንደምን አመሻችሁ" ይላል። ተመልካቹ ለእሱ ብቻ የተነገረው ያህል ይሰማዋል። ከምሳሌዎቻቸው አንዷ ማንነቷን የደበቀች የሬዲዮ አቅራቢ ናት። በለሰለሰ ድምፅ ብቸኛ አድማጮችን እያባበለች ታወራለች። የምታወራው ብቻዋን ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች የዚህን ግንኙነት ጠባይ በግልጽ አስቀምጠውታል። ከአንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ነው። መሪው በአቅራቢው እጅ ነው። ሁለቱ ወገኖች አብረው ሊያሳድጉት አይችሉም።

ለእኛ ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ልቦለድ ሲተርክ የሰማ ሰው ይገባዋል። ያ ድምፅ ለስንት አድማጭ እንደ ቤተ ዘመድ ድምፅ ነበር። ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ፣ ሲቆጣ የሚደነግጥ አድማጭ ነበረው። እሱ ግን ከሬዲዮው ማዶ ማን እንደተቀመጠ በምን ያውቃል? ከመጻሕፍት ጋር የተያያዘ እውነተኛ ፓራሶሻል ግንኙነት ካስፈለገ ይኸው። ደግሞም ያማረ ነገር ነበር።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቃሉን እንደ ስድብ የሚጠቀሙበት ሰዎች እዚያው ላይ ይስታሉ። ሆርተንና ዎል ነገሩን እንደ በሽታ አላዩትም። ችግር የሚሆነው የሰውየውን ማኅበራዊ ኑሮ ሲተካና ከእውነታው ጋር ፊት ለፊት ሲጋጭ ነው ብለዋል። ከዚህ ሌላ በእኛ ሙያ ውስጥ የምንለያቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ፕሮግራሙን እያየን ሳለን የሚሰማን የመነጋገር ስሜት ነው። ሌላው ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላም አብሮን የሚቆየው ቅርበት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ልዩነቱ ያን ያህል አያስቸግረንም።

ዋናውን ነገር ለተማሪዎቼ የማስረዳው በሎተሪና በእቁብ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። ሁለቱም ላይ ብር ይወጣል፣ ዕጣ ይጠበቃል፣ ልብ ይንጠለጠላል። ሎተሪው ግን አያውቅህም። 10 ዓመት ሳታሰልስ ቆርጠህ ድንገት ብታቆም፣ "ያ ሰውዬ ምነው ጠፋ?" የሚል የለም። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። አንድ ሳምንት ካልጣልክ ስልክህ ይጠራል። የአንተ ብር ለሌላው ዕጣ ነው፣ የሌላው ብር ለአንተ። ዕጣ የወጣለት ሰው ለተቸገረ እቁብተኛ ተራውን ሲለቅለትም አይተናል።

የንባብ ቡድን እቁብ ነው። የሚጣለው ጊዜና ሐሳብ ነው። "በዚህ ሳምንት እስከ ምዕራፍ 8" ይባላል። አንተ ካላነበብክ የእሑዱ ጨዋታ ይጎድላል። አንዷ ያላስተዋልከውን ታሳይሃለች፣ አንተ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ለእሷ። በልቶ የሚጠፋም አለ። የራሱን ግጥም አስነብቦ፣ ሰው ሁሉ ተጨንቆ አስተያየት ከሰጠው በኋላ፣ የሌላው ተራ ሲደርስ የማይገኝ። እሱ መኖሩ እቁቡን ሎተሪ አያደርገውም። ካደን የምንለው እኮ መጀመሪያ ያመነውን ሰው ነው። ሎተሪ ማንንም አይክድም።

ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታ አለ። እቁብ በሳንቲም ይቆጠራል። ጓደኝነት ሲቆጠር ይበላሻል። ማርጋሬት ክላርክና ጃድሰን ሚልስ በ1979 ባሳተሙት ጥናት የልውውጥ ግንኙነትንና የመተሳሰብ ግንኙነትን ለይተው አሳይተዋል። ውለታን ወዲያው በውለታ መመለስ ለመጀመሪያው ይስማማል። ሁለተኛውን ግን ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ የንባብ ቡድን ሲጀመር እቁብ ይመስላል። ሲበስል ደግሞ ማን ስንት ጊዜ እንደጣለ መቆጠሩ ይቀራል። አዲስ ቡድን ውስጥ "እኔ ላንተ አስተያየት ሰጥቻለሁ፣ አንተስ?" ሲባል እሰማለሁ። 2 ዓመት የቆየ ቡድን ውስጥ ይህን ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ መኳረፍ ልመለስ። አማርኛችን ይህን ጉዳይ በግሡ ይለየዋል። "አውቀዋለሁ" እና "እንተዋወቃለን" አንድ አይደሉም። የሬዲዮውን ተራኪ አውቀዋለሁ። አንተዋወቅም። ልናፍቀው እችላለሁ፣ ልንነፋፈቅ ግን አንችልም። በታዋቂ ሰው ላይ ላኮርፍ እችላለሁ፤ እሱ እኔን አኩርፎ ሳምንት ሊዘጋኝ አይችልም፣ መኖሬን አያውቅማ። መተዋወቅ፣ መጻጻፍ፣ መጠያየቅ፣ መኳረፍ፣ መታረቅ፦ እነዚህ ግሦች ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። አንዱም ቢሆን ለግንኙነታችሁ በትክክል የሚሠራ ከሆነ ፓራሶሻል አትበሉት። የምጠቀምበት መመዘኛ ይሄ ነው። እስካሁን አላሳፈረኝም።

ያ ጸሐፊ "በአካል ተያይተው እኮ አያውቁም" ይላል። ታዲያ የብዕር ጓደኛ የሚባለውን ምን ሊለው ነው? የፖስታ ሳጥን ቁጥር ተለዋውጠው፣ ፎቶ ተላልከው፣ ለዓመታት የተጻጻፉ ሰዎች በአገራችን ሞልተዋል። ማንም "የሌለ ጓደኛ" አላላቸውም። ፓራሶሻል የሚለው ቃል ስለ ርቀት ምንም አይልም። የሚናገረው ስለ ምላሽ ነው። በየቀኑ በአካል የምታየውና ስምህን የማያውቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ጅዳ ያለችና የልጅህን ፈተና ቀን የምታስታውስ ሴትም ልትኖር ትችላለች።

ከኦንላይን ንባብ ዓለም አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ዲዊ በሚል ስም ስለ መጻሕፍት የምትጽፍ ብሎገር ነበረች። በ2007 የ24 ሰዓት የንባብ ማራቶን ጀመረች። ሁሉም ሰው በየአገሩ በአንድ ቅጽበት ማንበብ ይጀምራል። ኒው ዮርክ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ከአንባቢዎቹ ሌላ አበረታቾች አሉ። ሥራቸው እየዞሩ በእያንዳንዱ አንባቢ ገጽ ላይ "በርታ፣ ስንተኛው ገጽ ደረስክ?" እያሉ መጻፍ ነው። ሌሊት እንቅልፍ ሲጥልህ የማታውቀው ሰው በስምህ ይጠራሃል። ዲዊ በ2008 መጨረሻ ገደማ አረፈች። ተሳታፊዎቹ ማራቶኑን ተረከቡት። ስሟን ሰጡትና በዓመት 2 ጊዜ፣ ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ፣ ለዓመታት አስኬዱት። ታዋቂ ሰው ሲሞት አድናቂ ያለቅሳል፣ ያ እውነተኛ ሐዘን ነው። እዚህ ግን ሰዎቹ ሥራዋን ተከፋፍለው ያዙት። የእቁብ ዳኛ ሲሞት እቁቡ አይበተንም፣ ሌላ ዳኛ ይመረጣል። ሎተሪ ቆራጮች ይህን ሲያደርጉ አላየሁም።

እርግጥ የተቀላቀለ ነገር አለ። ኦፕራ ዊንፍሬይ በ1996 የመጽሐፍ ክበቧን በቴሌቪዥን ስትጀምር፣ በእሷና በሚሊዮኖች ተመልካቾች መካከል ያለው ግንኙነት ፓራሶሻል ነበር። ነገር ግን እሷ የመረጠችውን መጽሐፍ ይዘው አንድ ሳሎን የተሰበሰቡ 6 ሴቶች እርስ በርሳቸው ጓደኛሞች ናቸው። በአንድ ክበብ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ይኖራሉ። ዛሬም በዩቲዩብና በቲክቶክ መጽሐፍ የሚያስተዋውቁ ሰዎች ዙሪያ የሚሆነው ያው ነው። ስለዚህ "ይህ ቡድን ፓራሶሻል ነው" ማለት ራሱ ስሕተት ነው። መጠየቅ ያለበት "ማን ከማን ጋር?" ተብሎ ነው።

ሌላው ግራ የሚያጋባው የመተግበሪያዎቹ ቋንቋ ነው። ጉድሪድስ የሚባለው የአንባቢዎች መተግበሪያ ላይ "ጓደኛ" የሚል ቁልፍ አለ። ትጫነዋለህ፣ በዓመቱ ስንት መጽሐፍ ለማንበብ እንዳቀደና ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ታያለህ። ያ ዝርዝር ማየት ነው። ጓደኝነት አይደለም፣ ፓራሶሻልም አይደለም። ቁጥር ማሳደድ ብቻውን ሰው አያቀራርብም። የሚያቀራርበው ሁለታችሁም ያቋረጣችሁት መጽሐፍ ነው፤ "እኔም 90ኛው ገጽ ላይ ተውኩት" የምትል አንዲት መልእክት።

ስለ ሰዓትም ብዙ ይጠቀሳል። ጄፍሪ ሆል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለማደግ 50 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ጓደኝነት 90 ገደማ፣ ወደ ቅርብ ጓደኝነት ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል። ቁጥሩን ሳትጠነቀቁ አትጠቀሙበት። ጥናቱ የተሠራው ወደ አዲስ ከተማ በተዛወሩ አሜሪካውያንና በዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪዎች ላይ ነው። ሰዓቱንም የተናገሩት ራሳቸው ተጠያቂዎቹ ናቸው። ቡና እየተጣጡ ላደጉ ጎረቤቶች ቁጥሩ ይሠራል ብዬ አልምልም። ደግሞም ብቻህን ያነበብክበት ሰዓት አብሮ የማሳለፍ ሰዓት አይደለም። በእሑዱ የቮይስ ጨዋታ ያለፈው ግን ነው።

ያ ጸሐፊ የሰጋው በከንቱ እንዳልሆነ አምናለሁ። በጽሑፍ ብቻ የምናውቀውን ሰው አሳምረን እንስለዋለን። ጆሴፍ ዋልተር የተባለ ተመራማሪ በ1996 ይህን በደንብ አብራርቶታል። ጽሑፍ ለላኪው ጊዜ ይሰጠዋል፣ ያስተካክላል፣ ይመርጣል። ተቀባዩ ደግሞ ክፍተቱን በመልካም ነገር ይሞላዋል። በመጽሐፍ ሰዎች ላይ ይህ ይብሳል፤ ጥሩ ያነበበ ሰው ጥሩ ሰው ይመስለናል። በኋላ በአካል ስንገናኝ ልንደነግጥ እንችላለን። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። ስሙ ግን ሌላ ነው፣ የሚከሰተውም ሁለት ሰዎች ሲጻጻፉ ነው። ሐኪም ለራስ ምታቱም ለጥርስ ሕመሙም አንድ ስም ከሰጠ መድኃኒቱ አይገኝም።

ከሁሉም ለፓራሶሻል የሚቀርበው ዝም ብሎ የሚያነበው አባል ነው። በእኛ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። ከ2 ዓመት በላይ አብራን ቆይታ አንዲት ቃል አልጻፈችም። መኖሯንም ልብ አላልንም። እሷ ግን ሁላችንንም ታውቀን ነበር። ማን ቶሎ እንደሚናደድ፣ ማን መጨረሻውን አስቀድሞ እንደሚያነብ፣ የማን እናት እንደታመሙ። ያ የአንድ ወገን ቅርበት ነበር፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም።

አንድ እሑድ ማታ ሁላችንም በአንድ ገጸ ባሕርይ ላይ ስንፈርድ ቆየን። ድንገት የማናውቀው ስም ብቅ አለ። "ተሳስታችኋል። እሷ የዋሸችው ፈርታ ነው" ብላ ጻፈች። ቀጥላ ደግሞ "ይቅርታ፣ ጣልቃ ገባሁ" አለች። ሦስት ሰው በአንዴ መለሰላት። ሁለቱ አልተስማሙም። አንዷ ከየት እንደሆነች ጠየቀቻት፣ የት እንደደረሰችም። "ምዕራፍ 19" አለች። እኛ ገና 14 ላይ ነበርን። "እንዳትነግሪን" ብለን ጮኽንባት። እሷም ሳቀችብን።