ስለ ምህዋር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት የምድር ስበት እዚያ ስለማይደርስ ነው»

ይደርሳል እንጂ። ዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ በሚዞርበት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስበቱ መሬት ላይ ካለው 90 በመቶ ያህል ነው። ጣቢያው ከነሰዎቹ ሳያቋርጥ ይወድቃል፤ ነገር ግን በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ስለሚከንፍ በወደቀው ልክ ምድርም ከሥሩ ትጎብጣለች። ሮኬት አብዛኛውን ነዳጁን የሚጨርሰው ይህን የጎን ፍጥነት ለማግኘት ነው። ቀጥ ብሎ 400 ኪሎ ሜትር ቢወጣና ሞተሩን ቢያጠፋ ተመልሶ ይወድቃል።

«ከፊት ያለ መንኮራኩር ላይ ለመድረስ ፍጥነት መጨመር ነው»

ባለሙያውን ሳይቀር ያሳሳተ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካው ሰው ጫኝ መንኮራኩር የጄሚናይ 4 አዛዥ ጄምስ ማክዲቪት ከመንኮራኩሩ ወደተለየው የሮኬት ክፍል ለመጠጋት ወደዚያው አነጣጥሮ ሞተር አስነሳ፤ ክፍሉ ግን እየራቀው ሄደ፣ ነዳጁም ባከነ። ወደፊት የተገፋ መንኮራኩር ምህዋሩ ይሰፋል፣ አንድ ዙር የሚፈጅበት ጊዜም ይረዝማል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይቀራል።

የሚሠራው ተቃራኒው ነው። 400 ኪሎ ሜትር ላይ ክብ ምህዋር ይዞ የሚዞር መንኮራኩር ፍጥነቱን በሰከንድ 5.7 ሜትር ብቻ ቢቀንስ የምህዋሩ ማዶ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ዙሩ በ12 ሰከንድ ያህል ያጥራል፤ በየዙሩም ከፊቱ ወዳለው መንኮራኩር ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀርባል። ሲደርስ የቀነሰውን ፍጥነት መልሶ ካልጨመረ አልፎት ይሄዳል።

«የአየር ግጭት ሳተላይትን ያዘገየዋል»

ያፈጥነዋል! ስሱ አየር ጉልበቱን ሲቀማው ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ስበቱ ያጣድፈዋል፦ 400 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ 7.67 የነበረው 300 ላይ 7.73 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

«የቴሌቪዥን ሳተላይት በፈለጉት ከተማ አናት ላይ ይቆማል»

ማንኛውም ምህዋር የምድርን መሀል ዙሪያ መዞር ስላለበት፣ ቆሞ የሚታይ ሳተላይት የሚገኘው ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ብቻ ነው። ምህዋሩ ከምድር ወገብ ያዘነበለ ከሆነ ሳተላይቱ በየቀኑ ሰማይ ላይ ወደ ሰሜንና ደቡብ ሲዋዥቅ ይታያል። ዙሩም 24 ሰዓት ሙሉ አይደለም፤ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። ቆሞ የሚታየው ሳተላይት ለሰሜን ጫፍ አገሮች ወደ አድማስ እጅግ ዝቅ ስለሚልባቸው ሶቪየት ኅብረት 63.4 ዲግሪ ያዘነበለውንና እጅግ የተለጠጠውን የሞልኒያ ምህዋር ተጠቀመች።

«ያረጀ ሳተላይት ሁሉ ወደ ምድር ይጣላል»

ሁሉም አይጣልም። ቆሞ የሚታየውን ሳተላይት ከ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ለማውረድ በሰከንድ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት መቀነስ ይጠይቃል። 300 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ገፍቶ መንገድ ለማስለቀቅ ግን በሰከንድ 11 ሜትር ገደማ ይበቃል።