የሰው አንቲቦዲ መድኃኒት ምንድን ነው?

«የሰው አንቲቦዲ» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ደም ልገሳ ነው። ከአንድ ጤነኛ ሰው ደም ተቀድቶ፣ ተጣርቶ፣ ለታማሚ የሚሰጥ ነገር ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የተገኙት ከአይጥ ነው፤ በብዛት የሚመረቱት ደግሞ ሃምስተር በምትባል አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ሴሎች ውስጥ ነው። ታዲያ «የሰው» የሚለው ስም ከየት መጣ?

ከአንቲቦዲ ልጀምር። ነጭ የደም ሴሎቻችን የሚሠሩት ፕሮቲን ነው፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚሉትም አሉ። ቅርጹ እንደ ባላ እንጨት ነው። የሁለቱ ቅርንጫፎች ጫፍ አንድን ዒላማ ብቻ ለይቶ ይይዛል፣ ልክ ቁልፍ የራሱን ጓጉንቸር እንደሚያውቀው። ግንዱ ደግሞ ሌሎች ተከላካይ ሴሎችን «ኑ፣ እዚህ ነው» ብሎ ይጠራል። ይህን ፕሮቲን መድኃኒት የማድረግ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1890 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ በርሊን ውስጥ አንድ ነገር አሳዩ፤ መርዙን የተለማመደ እንስሳ ደም ሌላውን እንስሳ ከዲፍቴሪያና ከቴታነስ መርዝ ያድናል። ከዚያ ፈረሶች መጡ። ከፈረስ ደም በተገኘ ሴረም (የደም ሴሎቹ ተለይተው ሲወጡ የሚቀረው ፈሳሽ) ብዙ ሕጻናት ከሞት ተረፉ፣ ቤሪንግም በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ወሰደ።

ችግሩ የፈረስ ፕሮቲን መሆኑ ነው። ሰውነት ባዕድ ሲገባበት ያውቃል። ሴረሙ በተሰጠ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ ትኩሳት፣ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ይመጣ ነበር።

በ1975 ጆርጅስ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ካምብሪጅ ውስጥ አንቲቦዲ የሚሠራ የአይጥ ሴልን መራባት ከማያቆም የካንሰር ሴል ጋር አዋሃዱ። የተገኘው ድቅል ሴል አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያለማቋረጥ ያመርታል። ሞኖክሎናል አንቲቦዲ የሚባለው ይህ ነው፤ በመድኃኒት ስሞች መጨረሻ ላይ የምታዩት «ማብ»ም የእሱ ምህጻር ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት በ1986 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፣ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ሰውነት አዲሱን ኩላሊት መግፋት ሲጀምር ለማስቆም። ግን ይሄም የአይጥ ነው፤ ፈረሱ ሄዶ አይጥ መጣ እንጂ ጣጣው ያው ነበር። የታማሚው ሰውነት በመድኃኒቱ ላይ የራሱን አንቲቦዲ እየሠራ ያጠፋዋል።

ስለዚህ የአይጡን ድርሻ መቀነስ ተጀመረ። በ1997 የተፈቀደው ሪቱክሲማብ ዒላማውን የሚይዘው ክፍል የአይጥ፣ ቀሪው የሰው ነው። በ1998 የመጣው ትራስቱዙማብ ላይ ደግሞ የአይጥ ሆኖ የቀረው የጫፉ ጫፍ ብቻ ነው። ስማቸው ውስጥ ያለው «ክሲ» እና «ዙ» ይህንን ነው የሚናገረው። ከ«ማብ» በፊት «ዙ» ሳይሆን «ኡ» ብቻ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ እንደ አዳሊሙማብ፣ ሙሉ በሙሉ የሰው ነው ማለት ነው። ከ2017 ወዲህ ለሚወጡ አዳዲስ ስሞች ይህ ምልክት ቀርቷል፤ እኔ በበኩሌ ባይቀር ደስ ይለኝ ነበር።

እሺ፣ ሙሉ በሙሉ የሰው የሆነው እንዴት ይገኛል? ሰውን የካንሰር ፕሮቲን እየወጉ አንቲቦዲ እስኪሠራ መጠበቅ አይቻልም። ቢቻልም ሰውነታችን የራሱን ፕሮቲን እንዳያጠቃ የተገራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይሠራም። አንዱ መንገድ ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶችን መጠቀም ነው። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቫይረሶች እያንዳንዳቸው የተለያየ የሰው አንቲቦዲ ቁራጭ በቆዳቸው ላይ እንዲያወጡ ይደረጋል። ከዚያ ዒላማው ላይ ይፈስሳሉ፣ ያልያዘው ይታጠባል፣ የያዘው ይራባል፣ እንደገና ይፈተሻል። አዳሊሙማብ የተገኘው እንዲህ ነው፣ በ2002 ተፈቀደ። ጆርጅ ስሚዝና ግሬግ ዊንተርም ለዚህ ዘዴ በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋርተዋል።

ሁለተኛው መንገድ ነው እኔን የሚገርመኝ። የአይጧ የአንቲቦዲ ጂኖች እንዳይሠሩ ይደረግና በምትካቸው የሰው ጂኖች ይገቡላታል። እንዲህ ያሉ አይጦች በ1994 ይፋ ሆኑ። አይጧን ዒላማውን ስትወጓት እንደማንኛውም አይጥ ትከላከላለች፤ ሴሎቿ ለሳምንታት እየመረጡ፣ እያሻሻሉ፣ ይበልጥ አጥብቆ የሚይዘውን ያስቀራሉ፣ ግን የሚወጣው አንቲቦዲ በሰው ጂን የተጻፈ ነው። «የሰው» የሚያሰኘው ይህ ነው፤ የተሠራበት ቦታ ሳይሆን አሠራሩን የሚያዘው ጽሑፍ።

ሥራቸው ይህ ብቻ የሆነ ኩባንያዎችም ተመሠረቱ። በ1999 ኮፐንሃገን ውስጥ የተቋቋመው ጄንማብ አንዱ ነው። እንደዚህ ካሉ አይጦች ዳራቱሙማብን አገኘ። መድኃኒቱ መልቲፕል ማይሎማ በሚባለው የደም ካንሰር ሴሎች ላይ በብዛት ያለውን ሲዲ38 የተባለ ፕሮቲን ይይዛል። ጄንማብ በ2012 ጃንሰን ለተባለ የመድኃኒት ኩባንያ የማምረትና የመሸጥ ፈቃድ ሰጠ፣ መድኃኒቱም አሜሪካ ውስጥ በ2015 ተፈቀደ። መጀመሪያ ላይ በደም ሥር የሚገባ ስለነበር የመጀመሪያው ቀን ጠብታ 7 ሰዓት ያህል ይወስድ ነበር። ካንሰር ያደከመው ሰው 7 ሰዓት አልጋ ላይ ሆኖ ጠብታ ሲቆጥር አስቡት። በ2020 ከቆዳ ሥር የሚወጋው ዓይነት ሲመጣ ያ ሁሉ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሆነ።

አንድ ጊዜ ትክክለኛው ጂን ከታወቀ አይጧም አታስፈልግም። ጂኑ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከሃምስተር እንቁልጢ በ1950ዎቹ ወደተገኘ የሴል ዘር ነው። እነዚህ ሴሎች በትልልቅ የብረት ጋኖች ውስጥ እየተራቡ ፕሮቲኑን ያወጣሉ። ጨጓራ እንደ ሥጋ ስለሚፈጨው በክኒን አይሰጥም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ነው የሚቀመጠው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ያስወድደዋል፣ ለብዙ ታማሚም አይደረስበትም። ደግሞ የሰው ነው ማለት ሰውነት ፈጽሞ አይቃወመውም ማለት አይደለም፤ አዳሊሙማብ በሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ላይም ፀረ መድኃኒት አንቲቦዲ ይታያል።

በእውነት ከሰው የተጀመረም አለ። በ1995 ዛሬ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ በምንላት አገር፣ ኪክዊት ከተማ ላይ ኢቦላ ገባ። ፕሮፌሰር ዣን ዣክ ሙዬምቤና ባልደረቦቻቸው ካገገሙ ሰዎች የተወሰደ ደም ለ8 ታማሚዎች ሰጡ፤ 7ቱ ተረፉ። ከዚያ ወረርሽኝ የዳነ አንድ ሰው ከ11 ዓመት በኋላ ደም ሲሰጥ፣ ሴሎቹ ቫይረሱን አልረሱትም ነበር። ከእነዚህ ሴሎች የወጣው አንቲቦዲ አንሱቪማብ የሚባል መድኃኒት ሆነ። በ2018 ኮንጎ ውስጥ በተጀመረው ሙከራ መድኃኒቱን ካገኙት 35 ከመቶ ገደማ ሞቱ፣ ዚማፕ የተባለውን ቀድሞ የነበረውን ካገኙት ደግሞ 50 ከመቶ። በታኅሣሥ 2020 ተፈቀደ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በደም ሥር ይሰጣል። ዛሬ እሱም ቢሆን የሚመረተው በሃምስተር ሴሎች ውስጥ ነው።