የ«ቤ» ቀለበት እና የፊደል ሰዎች ጉባኤ

ፊደል የሚቀርጹ ሰዎች በዓመት አንዴ የሚገናኙበት ጉባኤ አለ። ስሙ ኤታይፕአይ ይባላል። ሙሉ ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ዓለም አቀፍ የታይፖግራፊ (የፊደል ቅርጽና አደራደር ጥበብ) ማኅበር» እንደማለት ነው። ማኅበሩም ጉባኤውም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። እኔ የጉባኤው ፕሮግራም እስኪወጣ ቀን ከሚቆጥሩት አንዱ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከአንዲት ፊደል ብጀምር ይሻላል።

እስቲ ስልካችሁን አውጡና «ቤት» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አሳንሱት። «ቤ»ን ከ«ቢ» የሚለያት እግሯ ሥር ያለችው ቀለበት ናት። «ቢ» በዚያው ቦታ ያላት አጭር ጭረት ብቻ ነው። ጽሑፉ ሲያንስ ቀለበቷ ትደፈናለች። ቦልድ ሲደረግማ ይብሳል፤ ቀዳዳዋ በቀለም ይሞላና ቤቱ «ቢት» ይሆናል። ቃሉን ስለምናውቀው ገምተን እናልፈዋለን። ዓይናችን ግን ይደክማል። የማናውቀው የሰው ስም ወይም የመድኃኒት ስም ሲሆን ደግሞ ግምት አያዋጣም። ይቺ ጠባብ ቀዳዳ የማን ሥራ ናት? የፊደል ዲዛይነር ሥራ ናት። ኤታይፕአይ የእነዚህ ሰዎች ጉባኤ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ከተባለው በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማኅበሩን በ1957 የመሠረተው ሻርል ፔኞ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ፔኞ «ደበርኒ ኤ ፔኞ» የተባለውን የፓሪስ የፊደል ማምረቻ ይመራ ነበር። ያኔ ፊደል በእጅ የሚጨበጥ ዕቃ ነው። እርሳስ ይቀልጣል፣ በቅርጽ ይፈሳል፣ ለማተሚያ ቤት ይሸጣል። በዚያው ሰሞን ግን በፎቶ የሚሠራ የፊደል መልቀሚያ መሣሪያ መጣ። እርሳስ መገልበጥ አድካሚ ነበር፤ ፎቶ መገልበጥ ግን ቀላል ነው። አንዱ ዓመታት የለፋበትን ፊደል ሌላው ባጭር ጊዜ የራሱ ሊያደርገው ቻለ። ፔኞ ባለሙያዎቹን ካሰባሰበባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

በዚያው በ1957 የፔኞ ድርጅት ዩኒቨርስ የተባለውን የአድሪያን ፍሩቲገር ፊደል ለገበያ አወጣ። ከስስ እስከ ወፍራም፣ ከጠባብ እስከ ሰፊ፣ 21 ዓይነት ሆኖ በአንድ ጊዜ የታቀደ ቤተሰብ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ማኅበሩ የፊደል ሠሪውን መብት ለማስከበር ብዙ ደክሟል። በ1973 ቪየና ላይ የፊደል ቅርጾችን የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ። ሆኖም በቂ አገር ስላላጸደቀው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ጥያቄው እስካሁን አልተዘጋም። እኛ ጋም ያለ ነገር ነው። አንድ የአማርኛ ፎንት ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ይኖርና የሠራው ሰው ስም ጠፍቶ ይቀራል። እኔ ራሴ ለዓመታት ከተጠቀምኩባቸው ፎንቶች ውስጥ የሠሪያቸውን ስም የማላውቃቸው አሉ። ይህ ያሳዝነኛል።

ከጉባኤው ታሪክ ውስጥ ለእኛ የሚቀርበው ቀን ሴፕቴምበር 14 ቀን 2016 ይመስለኛል። ቦታው ዋርሶ ነው። አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና አዶቢ አንድ መድረክ ላይ ወጡና ተለዋዋጭ ፎንት የተባለውን አሠራር በጋራ ይፋ አደረጉ። በገበያ የሚፎካከሩ ድርጅቶች እንዲህ አብረው ሲቆሙ ማየት ብርቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀድሞ ስሱ ፊደል አንድ ፋይል፣ መደበኛው ሌላ ፋይል፣ ደማቁ ሌላ ፋይል ነበር። በአዲሱ አሠራር ሁሉም አንድ ፋይል ውስጥ ይገባሉ። ዲዛይነሩ ስሱንና ወፍራሙን፣ ሁለቱን ጫፎች ይስላል። መሃል ያለውን ኮምፒውተሩ ያሰላል። የፍሩቲገር 21 ዓይነት ቤተሰብ ዛሬ ቢሠራ በአንድ ፋይል ማለቅ ይችላል።

የእኔ ልብ ያለው ግን ሌላው ነገር ላይ ነው። ፊደሉ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን እንደ ጽሑፉ መጠን ቅርጹንም እንዲቀይር ማድረግ ይቻላል። ጽሑፉ ሲያንስ የ«ቤ» ቀለበት ሰፋ ትላለች፣ ዙሪያዋ ቀጠን ይላል፣ ቀዳዳዋ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ጽሑፉ ሲተልቅ ወደ ውብ መልኳ ትመለሳለች። የድሮ የእርሳስ ፊደል ቀራጮች ይህን በእጃቸው ያደርጉት ነበር። ለእያንዳንዱ መጠን ፊደሉን እንደ አዲስ ይቀርጹት ነበርና። ኮምፒውተር ሲመጣ አንዱን ቅርጽ ማተለቅና ማሳነስ ልማድ ሆነ፤ ያ ጥበብም አብሮ ተረሳ። ዋርሶ ላይ የመመለሻው በር ተከፈተ።

በሩ ይከፈት እንጂ ለእኛ መንገዱ ረጅም ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው፤ ትልቁና ትንሹ ተደምሮ 52። እኛ 33ቱን በሰባት ስናባዛ 231 ይመጣል። «ቋ»ን፣ «ኳ»ን፣ «ጓ»ን የመሳሰሉት ሲጨመሩ፣ ቁጥሮቹና ነጠላ ሰረዙ፣ አራት ነጥቡ ሲታከሉ ከ300 ያልፋል። ይህን ሁሉ ሁለቴ መሳል ነው፤ አንዴ ስስ፣ አንዴ ወፍራም። ለመጠን የሚታዘዝ ይሁን ከተባለ እንደገና መሳል ነው። «ሐ»ና «ጠ» ሦስት እግር አላቸው። ሲወፍሩ እግሮቹ ይጋጫሉ። ወይ ፊደሉን ማስፋት ነው፣ ወይ የመሃሉን እግር ከዳሮቹ ማቅጠን። እንዲህ ያለ ውሳኔ በመቶ የሚቆጠር ነው፤ አንዱንም ኮምፒውተር አይወስንልህም።

እዚህ ላይ ደስ የሚለኝን አንድ ግጥምጥሞሽ ልንገራችሁ። ዋርሶ ላይ ስለተገለጸው ቴክኖሎጂ በዚያው ቀን ሰፊውን የማብራሪያ ጽሑፍ ያወጣው ጆን ሃድሰን የተባለ የካናዳ ዲዛይነር ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣውን ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንት የሠራው እሱ ነው። የባሌ ተራሮችን ኒያላ ስም የያዘው ያ ፎንት ለብዙዎቻችን ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ያየነው ያማረ አማርኛ ነበር። በመቃ የተጻፈ የሚመስል ለዛ አለው፤ ቋሚው ወፈር፣ አግድሙ ቀጠን ያለ። በአፕል መሣሪያዎች ላይ ያለው «ከፋ» የተባለ የግዕዝ ፎንት ደግሞ የጄረሚ ኦርኑስ ሥራ ነው። የጉግሉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አሁን ተለዋዋጭ ፎንት ሆኖ በነፃ ይገኛል፤ ክብደቱም ስፋቱም ይታዘዛል።

ስለ ጉባኤው ሲወራ የማይታለፍ ሌላ ጉዳይ አለ። በ1954 ማክሲሚሊየን ቮክስ የተባለ ፈረንሳዊ የፊደል ዓይነቶችን በቤተሰብ መደባቸው። ማኅበሩም በ1962 ምደባውን ተቀበለ። ለዓመታት የዲዛይን ተማሪዎች ሲማሩበት ኖሩ። ምደባው የላቲን ፊደል ታሪክ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። የሕዳሴው ዘመን መልክ፣ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መልክ፣ የፋብሪካው ዘመን መልክ እያለ ይሄዳል። ግዕዝን እዚያ ውስጥ የት ታስገባዋለህ? የእኛ ቁም ጸሐፊዎች የራሳቸው መለያ አላቸው። ጎላ ብሎ የሚጻፈው ጉልሕ ይባላል፤ ደቀቅ የሚለው ረቂቅ። በ2021 ማኅበሩ ይህን ምደባ በይፋ ተወው። ከላቲን ውጭ ላሉ ፊደላት እንደማይሆን አምኖ ነው። አንድ ተቋም ለ59 ዓመት የያዘውን ነገር «ለሁሉም አይበቃም» ብሎ ሲያስቀምጥ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ጉባኤውን በጉጉት እንድጠብቅ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱም ይህ ነው።

በመሥራቹ ስም የተሰየመ ሽልማትም አለ። ከ1982 ጀምሮ ከ35 ዓመት በታች ለሆኑ ዲዛይነሮች በየተወሰነ ዓመት ይሰጣል። ሮበርት ስሊምባክ በ1991፣ ካሮል ቶምብሊ በ1994 ወስደውታል።

ጉባኤው ቋሚ ከተማ የለውም፤ በየዓመቱ ይዞራል። በ2012 ሆንግ ኮንግ፣ በ2015 ሳኦ ፓውሎ፣ በ2017 ሞንትሪያል፣ በ2019 ቶኪዮ ነበር። ኮሮና ሲመጣ ወደ ኢንተርኔት ገባ። በ2023 ፓሪስ ላይ በአካል ተመለሰ፤ በ2024 ብሪስበን፣ በ2025 ኮፐንሃገን ሄደ። ከ2003 ወዲህ ካስተናገዱት ከተሞች መሃል የአፍሪካ ከተማ የለም። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። የራሱ ፊደል ያለው ሕዝብ መዲና የሆነችው አዲስ አበባ አንድ ቀን እንድታስተናግድ ከልቤ ስለምመኝ ነው።

ምኞቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግዕዝ በሕትመት ዓለም እንግዳ ፊደል አይደለምና። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ሮም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ፣ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ከኮሎኝ የመጣው ይህ ሰው ቋንቋውን በስህተት ከለዳዊ ነው ብሎ ነበር፤ ፊደሉን ግን አስቀርጾ አተመበት። በ1548 እና በ1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። እንግዲህ ፊደላችን በእርሳስ ከተቀረጸ 500 ዓመት አልፎታል። አገር ቤት ግን ሕትመት ዘግይቶ ነው የተስፋፋው፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ የጽሕፈት መኪናው መጣ። ቁልፉ ጥቂት፣ ፊደላችን ብዙ። ስለዚህ ፊደሉ ተቆራርጦ እየተገጣጠመ ይጻፍ ነበር፤ እግሩ ከአካሉ፣ ቀለበቱ ከእግሩ ሳይገናኝ የሚቀርበትን የድሮ ደብዳቤ ያየ ሰው ያስታውሰዋል። ኮምፒውተሩ ሲመጣ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ኮድ ያወጣ ነበር። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ጽሑፉ ተዘበራርቆ ቁጭ ይላል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት አንድ የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዛሬ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፣ ከቴል አቪቭ ዱባይ በአማርኛ ቴክስት የምንላላከው በዚያ ምክንያት ነው።

የፊደሉ መልክ ግን ከኮዱ ወደኋላ ቀርቷል። በላቲን አንድ ጋዜጣ ከብዙ ሺህ ፎንት ይመርጣል። በግዕዝ ለረጅም ንባብ የሚሆን፣ ስሱም ደማቁም በደንብ የተሠራ ፎንት ሲፈለግ ምርጫው ቶሎ ያልቃል። ከላቲን ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥም ችግር አለ። አንዱ ገዝፎ ሌላው ኮስሶ ይታያል፤ መስመሩም አይገጥምም። አማርኛና እንግሊዝኛ ያለበትን ማንኛውንም የሱቅ ታፔላ ቀና ብላችሁ እዩ።

ጉባኤው ብዙውን ጊዜ በወርክሾፖች ይጀመርና ወደ ዋናው አዳራሽ ይገባል። ንግግሮቹ አጫጭር ናቸው፤ 20 ደቂቃ ገደማ። ስለ አረብኛ ይወራል፣ ስለ ህንድ ፊደላት ይወራል፣ ስለ ድሮ የእንጨት ፊደል፣ ስለ አዲስ ሶፍትዌር ይወራል። ወሬው የሚሞቀው ግን በሻይ ሰዓት ነው። ሰው ላፕቶፑን ከፍቶ ያላለቀ ሥራውን ያሳያል፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ «ይቺን እግር ትንሽ ብታሳጥራትስ?» ይላል። ተማሪ በቅናሽ ይገባል። ንግግር ማቅረብ የሚፈልግ ሰው ጥሪው ሲወጣ ሐሳቡን ይልካል። መሄድ ያልቻለም አይቅርበት። ማኅበሩ ያለፉትን ንግግሮች ዩቲዩብ ላይ በነፃ ጭኗቸዋል። እኔ አብዛኛውን የተማርኩት ከዚያ ነው፤ ማታ ማታ፣ ኔትወርኩ ሲፈታ።

ፕሮግራሙ ሲወጣ መጀመሪያ ዓይኔ የሚፈልገው «ግዕዝ» የሚለውን ቃል ነው። ካጣሁት ወደ ቲቤትና ወደ ክመር (የካምቦዲያ) ፊደላት እሄዳለሁ፤ እነሱም ብዙ ፊደልና ብዙ ቅጥያ ስላላቸው መከራችን ይመሳሰላል። አንድ ሰው ለክመር ያገኘው መላ ለእኛዋ «ጬ»ም ሊሠራ ይችላል። ዘንድሮ ተዘጋጅቻለሁ። አንድ ገጽ ሙሉ ኃምስ ፊደላትን ብቻ ደርድሬ አትሜአለሁ፤ ሌ፣ ሜ፣ ቤ፣ ቴ፣ ኔ፣ ጤ፣ ጬ። ላይኛው መስመር በፊደል መጠን መለኪያ 24 ነጥብ ነው፤ ከዚያ 18፣ 12፣ 10፣ 8፣ 6 እያለ ይወርዳል። እስከ 10 ድረስ ቀለበቶቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። 8 ላይ «ጬ» ትደፈናለች። 6 ላይ «ቤ»ም ትከተላታለች። ይህን ወረቀት ይዤ በሻይ ሰዓት ያገኘሁትን የፊደል ሰው ሁሉ የመጨረሻውን መስመር አሳየዋለሁ።