አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ምንድን ነው?

ፖሊስ አንድ ሰው ይዞ ቀናት አለፉ፤ ፍርድ ቤት ግን አላቀረበውም። ሌላው "በዋስ ይለቀቅ" ተብሎለት፣ የዋስትናው ገንዘብም ገቢ ተደርጎለት፣ ከጣቢያው በር አልወጣም። ሦስተኛው የተፈረደበትን ጊዜ ጨርሶ አሁንም ማረሚያ ቤት ነው። ሦስቱም ዘመዶቻቸው ወደ ፍርድ ቤት ይዘውት የሚሄዱት አቤቱታ አንድ ነው፤ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይባላል። በሌላው ዓለም ሀቢየስ ኮርፐስ በሚለው የላቲን ስሙ ይታወቃል። የትዕዛዙ ፍሬ ነገር "አካሉን ይዘህ ቅረብ" ማለት ነው። ትዕዛዙ የሚሄደው ለአሳሪው ነው፦ የያዝከውን ሰው በአካል ችሎት አቅርብ፣ በየትኛው ሕግና በማን ትዕዛዝ እንደያዝከውም አስረዳ።

ችሎቱ የሚመረምረው ይህንን ብቻ ነው። ሰውየው ወንጀሉን ፈጽሟል ወይስ አልፈጸመም የሚለው እዚህ አይታይም። ብዙ አቤቱታ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ታሳሪው ጨዋነትና ስለ ውንጀላው ሐሰተኝነት ይጻፋል፤ የተያዘበት ቀንና ሰዓት ግን አይጠቀስም። ዳኛው መጀመሪያ የሚፈልገው ቀኑንና ሰዓቱን ነው።

ሕጉ የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው። መብቱ በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ሰፍሯል። ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ያ ካልሆነና የተያዘበት ምክንያት ካልተገለጸ፣ የአካል ነፃነቱ እንዲከበርለት ፍርድ ቤትን የመጠየቅ ሊጣስ የማይችል መብት ይሰጠዋል። አካሄዱ ያለው በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 እስከ 179 ነው። የእስር ጉዳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። መልሱ ቀላል ነው፤ ክርክሩ በያዥና በተያዥ መካከል ስለ ነፃነት የሚደረግ እንጂ ስለ ወንጀል አይደለም። ስለዚህ የዐቃቤ ሕግ ፈቃድም ክስም አያስፈልገውም፤ ባለጉዳዩ ራሱ መዝገብ ያስከፍታል።

48 ሰዓቱ ከመቼ ይቆጠራል?

ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ሰውየው ከተያዘበት ቅጽበት ነው። ጣቢያ ደርሶ መዝገብ ላይ የሰፈረበት ሰዓት መነሻ አይሆንም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አንድ ሰው ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ከመንገድ ተይዞ ምሽቱን በአንድ ቢሮ ሲጠየቅ ቆይቶ ረቡዕ ጠዋት ቢመዘገብ፣ በፖሊስ አቆጣጠር አርብ ጠዋት ይደርሳል፤ በሕገ መንግሥቱ አቆጣጠር ግን ገደቡ ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አልቋል። ከ48 ሰዓቱ ውጪ የሚሆነው ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በአግባቡ የሚጠይቀው ጊዜ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ ከሰዓታት አያልፍም። ሕገ መንግሥቱ እሑድንም በዓልንም አልቀነሰም፤ "ቅዳሜና እሑድ ስለገባበት ነው" የሚለው መልስ በአንቀጹ ውስጥ መሠረት የለውም።

ፖሊስ በጊዜው ካቀረበና ምርመራ ካልጨረሰ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ምርመራው እስኪያልቅ ሰውየውን በእስር የማቆየት ፈቃድ፣ ይጠይቃል። በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከ14 ቀን አይበልጥም። ይህ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ እስሩ "በፍርድ ቤት ትዕዛዝ" ይሆናል፤ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታም እዚያ ላይ ጉልበቱን ያጣል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 177 የሚናገረው በሕጉ መሠረት ከተሰጠ ትዕዛዝ ውጪ ስለተያዘ ሰው ነውና። ጊዜ ቀጠሮው አላግባብ ነው የሚል ሰው ተቃውሞውን ጊዜ ቀጠሮውን ለሚያየው ዳኛ ያቀርባል። ዋስትና የተከለከለ ደግሞ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። እነዚህን መንገዶች ማምታታት ውድ ቀናት ያስበላል።

የተፈቀደው የጊዜ ቀጠሮ ቀን አልቆ ሰውየው ዳግመኛ ካልቀረበ ግን ትዕዛዙ ሞቷል፤ በዚያው ሰዓት አቤቱታው እንደገና ሕይወት ያገኛል። የጊዜ ቀጠሮ መዝገብ ቁጥሩንና የተቀጠረበትን ቀን መዝግቦ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አቤቱታው ምን ይይዛል?

አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። በክልል የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱን ሥልጣን በውክልና የሚሠራው የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሆነ (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80) አቤቱታው ወደዚያ ይሄዳል። ለወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ "ሥልጣን የለንም" ተብሎ መመለስ የተለመደ ስህተት ነው።

አመልካቹ ታሳሪው ራሱ ነው፤ አቤቱታው በእሱ ስም ይጻፋል። ከአቤቱታው ጋር በመሐላ የተረጋገጠ ጽሑፍ መያያዝ አለበት። የታሰረው ሰው ራሱ መማል ከቻለ እሱ ይምላል። ካልቻለ፣ አብዛኛውን ጊዜም አይችልም፣ ሕጉ ሌላ ሰው እንዲምልለት ይፈቅዳል፤ የትዳር ጓደኛ፣ ወንድም፣ ጓደኛ ወይም ጠበቃ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ሁለት ነገር መግለጽ አለበት፤ የእስሩን ሁኔታና ታሳሪው ራሱ መማል ያልቻለበትን ምክንያት። ሁለተኛው ሲረሳ መዝገብ ቤቱ ላይ ወረቀቱ ይመለሳል። "ልናገኘው ተከልክለናል" ወይም "ያለበትን ቦታ ጠርተው አይነግሩንም" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

በመሐላው ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የተያዘበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ የያዙት ሰዎች የደንብ ልብስ ወይስ የሲቪል ልብስ እንደለበሱ፣ የመያዣ ትዕዛዝ አሳይተው እንደሆነ፣ በየትኛው ጣቢያ በየትኛው ቀን እንደታየ፣ ምግብ ወይም ልብስ ተቀብለውለት እንደሆነ። የመጨረሻው ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። "እኛ ዘንድ የለም" የሚል መልስ ሲመጣ ምሳውን ማን ተቀብሎ እንዳስገባ የሚናገር ምስክር መዝገቡን ያድናል።

ተጠሪ ማንን ማድረግ?

ተጠሪ ማለት አቤቱታው የሚቀርብበት ወገን ነው፤ አቤቱታው ከሁሉ በላይ የሚሰናከለውም እዚህ ነው። መጥሪያው የሚሄደው ሰውየውን በእጁ ለያዘው አካል ነው። የያዘው የአዲስ አበባ ፖሊስ ሆኖ ተጠሪ የተደረገው ፌዴራል ፖሊስ ከሆነ፣ ፌዴራል ፖሊስ ቀርቦ "አልያዝኩም" ይላል፤ እውነቱንም ነው፤ መዝገቡ ይዘጋል። ሰውየው እስከዚያ ሌላ ጣቢያ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እርግጠኛ ባልተሆነበት ሁኔታ ሊይዙት የሚችሉትን ሁሉ፣ የጣቢያውን ኃላፊ፣ የፖሊስ ኮሚሽኑን፣ ማረሚያ ቤቱን፣ እንደ 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ተጠሪ አብሮ መጥራት ይሻላል። ሁሉም በአንድ ቀን ቀርበው ሲክዱ የሚፈጠረው ክፍተት ለዳኛው ጎልቶ ይታያል። አንዱ "ለእገሌ አስተላልፈናል" ካለ ደግሞ የርክክቡ ሰነድ እንዲቀርብ ወዲያው በቃል መጠየቅ ይገባል።

የውጭ አገር ዜጋም በዚሁ አቤቱታ ይጠቀማል። ቁጥር 177 ዜግነት አይጠይቅም። በቪዛ ወይም በመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የተያዘ ሰው ተጠሪው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ወይም በተግባር ያቆየው ፖሊስ ነው። ፈቃዱ ይታደስ አይታደስ የሚለውን ይህ ችሎት አይወስንም፤ የሚወስነው ሰውየው ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዙ በሕግ የተደገፈ መሆን አለመሆኑን ነው።

ችሎት ላይ ምን ይሆናል?

ፍርድ ቤቱ አቤቱታውንና መሐላውን ሲቀበል ተጠሪው ሰውየውን ይዞ በተወሰነ ቀን እንዲቀርብና የማይለቀቅበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ይጠራዋል። የማስረዳት ሸክሙ የያዥው ነው። በቂ መልስ የሚባለው ወረቀት ነው፦ የጊዜ ቀጠሮ ትዕዛዝ፣ ዋስትና የተከለከለበት ውሳኔ፣ የቅጣት ፍርድ። "ምርመራ ላይ ነው"፣ "ከባድ ወንጀል ነው"፣ "ከበላይ አካል የመጣ ነው" የሚሉት አንዳቸውም በሕግ መልስ አይደሉም፤ አመልካቹም ይህን ሳያፍር መናገር አለበት። ተጠሪው ወረቀት ብቻ ይዞ ሰውየውን ሳያመጣ ከቀረበ ትዕዛዙ ግማሹ ብቻ ነው የተፈጸመው። አካሉ ችሎት መምጣቱ ዳኛው በሕይወት መኖሩንና ጤንነቱን በዓይኑ እንዲያይ ያደርጋል፤ ታሳሪውም ስለ አያያዙ የሚናገርበት የመጀመሪያ ዕድሉ ሊሆን ይችላል።

የቀጠሮ ጉዳይ የዚህ አቤቱታ ቁስል ነው። ተጠሪው "መልስ አላዘጋጀንም" ሲል ችሎቱ ለቀናት ይቀጥራል፤ በእነዚያ ቀናት ፖሊስ ሰውየውን ሌላ ችሎት አቅርቦ ጊዜ ቀጠሮ ያስፈቅድና በቀጠሮው ዕለት አዲሱን ትዕዛዝ ይዞ ይመጣል። መዝገቡም "አሁን በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው ያለው" ተብሎ ይዘጋል። በእኛ እምነት ይህ የሕጉን ዓላማ ያፈርሳል፤ የ48 ሰዓት ገደብ መጣሱን ለመመርመር ሳምንት መቅጠር መብቱን ባዶ ያደርገዋል። መከላከያው አቤቱታውን ገደቡ ባለፈበት ዕለት ማስገባት፣ አጭር ቀጠሮ እንዲሰጥ በጽሑፍ መጠየቅ፣ እንዲሁም ታሳሪው ጊዜ ቀጠሮ ችሎት ሲቀርብ የተያዘበትን ሰዓት ተናግሮ በመዝገብ እንዲሰፍርለት ማድረግ ነው። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ሰዓት በኋላ ለሚመጣው የካሳ ክስ ማስረጃ ይሆናል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2040 ያለ ሕግ ሥልጣን የሰውን ነፃነት ለአጭር ጊዜም ቢሆን መንካት ጥፋት መሆኑን ይደነግጋል። በወንጀል በኩልም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 ሕገ ወጥ መያዝና ማሰርን ለፈጸመ የመንግሥት ሠራተኛ ቅጣት አለው።

ስለ ታራሚዎች አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የእስራቱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰ ታራሚ በአመክሮ እንዲፈታ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያ ግን ውሳኔ የሚፈልግ ጥያቄ ነው፣ ሰውየውም እስኪወሰን ድረስ በሕጋዊ ፍርድ ነው የታሰረው። አካልን ነፃ ማውጣት የሚሠራው ሙሉ ቅጣቱ ሲያልቅ ወይም መፍቻ ትዕዛዝ ተሰጥቶ ሳይፈጸም ሲቀር ነው።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅስ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ሊነኩ የማይችሉ ብሎ የዘረዘራቸው አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 ናቸው። አንቀጽ 19 ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በታወጁት አዋጆች ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ማሰር የተፈቀደው በዚህ ክፍተት ነው። አንቀጽ 93 ግን የራሱ ቁጥጥር አለው፤ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋምና በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ለቤተሰብ ይህ ማለት አቤቱታው ለፍርድ ቤትም ለቦርዱም በጽሑፍ መግባት አለበት ማለት ነው። ፍርድ ቤቱም ቢሆን እስሩ እውነት በአዋጁ የተደረገ መሆኑን የመጠየቅ ሥልጣኑ አይጠፋም፤ ከአዋጁ በፊት የተያዘ ወይም በግል ጠብ የታሰረ ሰው በአዋጁ ስም ሊሸፈን አይገባም።

ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከትም ይጠቅማል። ኮሚሽኑ ጣቢያዎችንና ማረሚያ ቤቶችን ይጎበኛል፣ ሰውየው ያለበትን ቦታ ለማወቅ ከሁሉ ፈጥኖ ሊረዳ የሚችልም እሱ ነው። ነገር ግን የሚሰጠው ምክረ ሐሳብ ነው፤ "ፍታ" ብሎ የሚያዝ ዳኛ ብቻ ነው።

ትዕዛዙ ከተሰጠ በኋላ የማኅተም ያለበት ግልባጭ ከሬጅስትራር ወስዶ በእጅ ማድረስ፣ የተቀበለውን ሰው ስምና ሰዓት በሌላ ቅጂ ላይ ማስፈረም ያስፈልጋል። ተጠሪው ካልፈታ በዚያው መዝገብ ትዕዛዝ አልተፈጸመም ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ፍርድ ቤቱም ኃላፊው በአካል ቀርቦ እንዲያስረዳ ያዛል። ከበር ላይ ተመልሶ ከተያዘ ግን አዲስ መያዝ ስለሆነ አዲስ መዝገብ ይከፈታል። 48 ሰዓቱም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደገና ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው የመፍቻ ትዕዛዝም ከአዲሱ አቤቱታ ጋር ይያያዛል።